የኖባ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ፥ ካህን ሊለምኑ ወደ አገራችን ስለ መጡትም ሰዎች

ለኢዮቤልዩ በዓላችን መታሰቢያ በሚታተመው በዚህ መጽሐፍ አንዳንዱ ስለ ደብሩ አተካከል፥ አንዳንዱም ስለ አገልጋዮቹ ሲጽፍ፥ እኔ ስለ ጠፋች ቤተ ክርስቲያን መጻፌ ያለ ቦታው የገባ ነገር የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የኖባ ቤተ ክርስቲያን ለእኛ ባዕድ አይደለችም። ከአንድ መንበር ጳጳስ የምንቀበል እኅትማማቾች ነበርን። አንድ ጊዜ እርስዋ ስለ እኛ ለመነች፤ አንድ ጊዜም ልጆችዋ ወደ እኛ መጥተው ለመኑ። የፊተኛው ልመና ተፈጸመ፤ የኋለኛው ግን ሳይፈጸም ቀረ። ነገሩን ከመጀመሪያው አንሥቼ እነሆ እጽፋለሁ። ዓመታቱን የጻፍሁት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ለማወቅ የሚሻ ሰው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያጕድል።

ኖባ የሚባለው አገር ከግብፅ ደቡብ ከአስዋን ጀምሮ፥ ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ እስከሚገናኙበት፥ ከዚያም አልፎ ወደ ደቡብ የተዘረጋ ነው። ከአገራችን የሚወርዱት ዓባይና ተከዜ የሚያጠጡት ይህንኑ ምድር ነው። ስሙም በእኛ ዘንድ የቆየ ነው፤ ንጉሥ ዔዛና በአራተኛው መቶ ዓመት ባስቀረጸው ጽሕፈት ከኖባ ሰዎች ጋራ እንደ ተዋጋ፥ በድንጋይና በሣር የተሠሩትንም ከተሞቻቸውን እንዳቃጠለ ይናገራል። በዚያው አገር ከኖባ ነገሥታት አስቀድሞ መርዌ የምትባል ታላቅ መንግሥት ነበረች፤ የመርዌ ንግሥቶችም ህንደኬ በሚባል ማዕረግ ይጠሩ እንደ ነበረ ከድንጋይ ጽሕፈት ታውቋል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ስለ ተጻፈው ጃንደረባ ሊቃውንት የሚከራከሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ የአባቶቻችን ትርጓሜ ለሁላችሁም የታወቀ ስለ ሆነ ክርክሩን ለሌላ ጊዜ ልተወው።

መርዌ ካለፈች በኋላ በአገሩ ሦስት መንግሥታት ቆሙ። በሰሜን ኖባድያ ነበረች፥ ከተማዋም ፋራስ፤ በመካከል መቍርያ፥ ከተማዋም ዶንጎላ፤ በደቡብ አልዋ፥ ከተማዋም ዛሬ ካርቱም ከሚባለው ከተማ አጠገብ በጥቁር ዓባይ ዳር የነበረችው ሶባ። ክርስትና በቤተ መንግሥት የገባላቸው በስድስተኛው መቶ ዓመት ነው። ዮሐንስ ዘኤፌሶን እንደ ጻፈው፥ በ543 ገደማ ንግሥት ቴዎዶራ ዩልያኖስ የሚባል ሽማግሌ ቄስ ወደ ኖባድያ ሰደደች። ባልዋ ንጉሥ ዮስጢንያኖስም በሃይማኖት የሚለዩትን የራሱን መልእክተኞች ሰድዶ ነበር፤ ነገር ግን ንግሥቲቱ ለላይኛው ግብፅ ገዥ ጽፋ የባልዋን መልእክተኞች በመንገድ አስዘገየቻቸውና የእርስዋ ሰው ቀድሞ ደረሰ። ዩልያኖስም በአገሩ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። ሙቀቱ እጅግ ስለ ጸናበት ከሦስት ሰዓት እስከ ዐሥር ሰዓት ድረስ ውሃ ባለበት ዋሻ ውስጥ፥ በውሃው ተቀምጦ ያስተምርና ያጠምቅ ነበር ይላል። ከእርሱም በኋላ ሎንጊኖስ የሚባል ኤጲስ ቆጶስ ተሾመ፤ እርሱም በ580 እስከ አልዋ ድረስ ዘልቆ ንጉሡን ከነመኳንንቱ አጠመቀ። መቍርያም በዚያው ዘመን አመነች።

መቶ ዓመትም ሳይሞላ ዐረቦች ግብፅን ያዙ፤ ከዚያም ወደ ኖባ ዘመቱ። በ652 ዶንጎላን ከበው በመንጀኒቅ ድንጋይ እየወረወሩ ቤተ ክርስቲያኒቱን መቱ። ይሁን እንጂ የኖባ ቀስተኞች ዓይን እያነጣጠሩ ስለሚወጉ ዐረቦች ራሳቸው «የዓይን ብሌን ወጊዎች» ብለው ስም አወጡላቸው፤ አገሩንም ሊይዙ አልቻሉም። ስለዚህ ባቅጥ የሚባል ውል ተዋዋሉ፤ ይህም ውል አንዳንድ ጊዜ እየተቋረጠ ስድስት መቶ ዓመት ያህል ኖረ። የዐረብ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ኖባ በየዓመቱ 360 ባሮች ትሰጣለች፤ ከግብፅም እህልና ልብስ ይመለስላታል። የውሉን ማማር የሚያመሰግኑ ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙዎች ናቸው፤ ሰላም አስገኝቷልና እውነታቸው ነው። እኔ ግን ስለ እነዚያ 360 ሰዎች ሳስብ ምስጋናውን ሙሉ ማድረግ አይቻለኝም። በ836 የንጉሥ ዘካርያስ ልጅ ጊዮርጊስ እስከ ባግዳድ ድረስ ሄዶ ኸሊፋውን አል ሙዕተሲምን ተገናኘ፤ ግብሩም በየሦስት ዓመቱ እንዲሆን አስፈቅዶ ተመለሰ።

የዚህ ሰላም ፍሬ በፋራስ ታየ። በ707፥ በንጉሥ መርቆሬዎስ ዘመን፥ ጳውሎስ የሚባለው ኤጲስ ቆጶስ የፋራስን ታላቅ ቤተ ክርስቲያን አሠራ፤ ይህንንም በጽርዕና በቅብጥ ቋንቋ በድንጋይ አስቀርጾ አኖረው። ከዚያም ወዲህ እስከ ዐሥራ አራተኛው መቶ ዓመት ድረስ እያንዳንዱ ትውልድ ግድግዳውን እየለሰነ በቀድሞው ሥዕል ላይ አዲስ ሥዕል አሣለ። በዚህ ምክንያት በአንድ ግድግዳ ላይ ሁለትና ሦስት ሥዕል ተነባብሮ ተገኝቷል። ጌታ ሲወለድ ሰብአ ሰገል በፈረስ ተቀምጠው ሲመጡ ይታያል። ሠለስቱ ደቂቅ በእሳቱ መካከል ቆመዋል፤ በእኛ ዘንድ ያዳናቸው ቅዱስ ገብርኤል ሲሆን፥ በኖባ ሥዕል ግን ክንፉን ዘርግቶ የሚጠብቃቸው ቅዱስ ሚካኤል ነው፥ ስሙም ተጽፎበታል። ቅድስት ሐና ጣትዋን በከንፈርዋ ላይ አድርጋ ተሥላለች፤ ይህን ምልክት አንዳንዶቹ የዝምታ ጸሎት ነው ይላሉ፥ ሌሎቹም ምሥጢርን መጠበቅ ነው ይላሉ። ሁለቱ እርስ በርሳቸው የሚጣሉ አይመስለኝም፤ በልብ የሚጸልይ ሰው ምሥጢሩን የሚጠብቅ ነውና።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው የኤጲስ ቆጶሳቱ ሥዕል ነው። ከ974 እስከ 999 የተሾመው ጴጥሮስ በልብሰ ተክህኖ ቆሞ፥ ስሙን የወረሰው ሐዋርያው ቅዱስ ጴጥሮስ ከኋላው ሆኖ እጁን በትከሻው ላይ አኑሮለታል። የሐዋርያው ፊት ቀላ ብሎ ሲሣል የኤጲስ ቆጶሱ ፊት ግን እንደ አገሩ ሰው ጠይም ነው። ሠዓሊው መልኩን ሊለውጥ አልፈለገም፤ የአገሩ ልጅ በመልኩ እንዳለ ከሐዋርያት ጋራ እንዲቆም አደረገው። ከ1005 እስከ 1036 የነበረው ማርያኖስም እንዲሁ ተሥሏል። በአንድ መስኮት መሰል ቦታ ደግሞ የፋራስ ኤጲስ ቆጶሳት ስም ከመጀመሪያው ጀምሮ በተርታ ተጽፎ 27 ሆኖ ተገኝቷል። ካህናት አባቶቼ ሆይ፤ የዚህን ዝርዝር ትርጕም ለእናንተ ማስረዳት አያሻኝም። የእጅ መጫን ሰንሰለት ነው፤ አንዱ ቀለበት ካልተቆረጠ ድረስ ሌላው ይያያዛል።

በዶንጎላም እንዲህ ያለ ብዙ ነገር አለ። በ1113 በ82 ዓመቱ ያረፈው ሊቀ ጳጳስ ጊዮርጊስ የተቀበረበት ዋሻ መሰል ክፍል ግድግዳው ሁሉ በጽርዕና በቅብጥ ጽሕፈት የተሞላ ነው፤ የአራቱም ወንጌላት መጀመሪያና መጨረሻ በዙሪያው ተጽፏል። ኖባዎች በእነዚህ በሁለቱ ቋንቋዎች ብቻ አልቀሩም፤ የራሳቸውን ቋንቋ በጽርዕ ፊደል ጻፉት፥ ለጐደለውም ድምፅ ከቅብጥና ከጥንቱ ከመርዌ ፊደል ጨመሩበት። መዝሙረ ዳዊትንና የቅዱስ ሚናስን ተአምር በቋንቋቸው ያነቡ ነበር።

አሁን ወደ ሁለቱ ልመናዎች ልመለስ። ኖባ በመንበረ ማርቆስ ዘንድ ክብር ነበራት። በስምንተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የግብፅ ገዥ ፓትርያርኩን አባ ሚካኤልን ባሰረ ጊዜ፥ የኖባ ንጉሥ ቂርያቆስ ሠራዊት ይዞ ወደ ግብፅ እንደ ወረደና ፓትርያርኩ እንደ ተፈታ የእስክንድርያ ሊቃነ ጳጳሳት ታሪክ ይናገራል፤ የሠራዊቱን ቍጥር ግን ለማመን እስከሚያስቸግር ድረስ አብዝቶታል። በዐሥረኛው መቶ ዓመት መጨረሻም በአገራችን ያ የምታውቁት መከራ ሆነ፤ አንዲት ንግሥት ተነሥታ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለች፥ ንጉሡንም ከቦታ ወደ ቦታ አሳደደች። አገሪቱም ከጳጳስ ተለይታ ብዙ ዘመን ሆኗት ነበር። ንጉሣችንም ወደ እስክንድርያ በቀጥታ መጻፍ ስላልተመቸው ለኖባ ንጉሥ ለጊዮርጊስ ደብዳቤ ጻፈለት፤ ክህነት ሊጠፋብን ነውና ስለ እኛ ማልድልን አለው። ጊዮርጊስም ነገሩን ቸል አላለም፤ ከራሱ ደብዳቤ ጋራ አድርጎ ወደ ፓትርያርኩ ወደ ፊላታዎስ ላከ። ፓትርያርኩም ከአባ መቃርስ ገዳም ዳንኤል የሚባለውን መነኵሴ ጳጳስ አድርጎ ሾመልን። የእኛ የእጅ መጫን ሰንሰለት እንዳይቆረጥ የኖባ ንጉሥ እጁን አገባበት ማለት ነው። ይህ ውለታ በአገራችን ብዙ ሲነገር አልሰማሁም።

ኖባ የወደቀችው ባንድ ቀን አይደለም። በ1276 የግብፅ መምሉኮች ዶንጎላን ይዘው የወደዱትን ሰው አነገሡ፤ ከዚያም ወዲህ የንጉሡ ዘመዶች እርስ በርሳቸው እየተጣሉ አንዱ ባንዱ ላይ የካይሮን ጦር ይጠራ ጀመር። በሌላ በኩልም የዐረብ ነገዶች ወደ አገሩ እየገቡ የመኳንንቱን ሴቶች ልጆች አገቡ፤ በኖባ ሥርዓት ርስትና መንግሥት በእኅት ልጅ ስለሚወረስ ልጆቻቸው ያለ ጦርነት ወራሾች ሆኑ። ይህን የጻፈው የዐረቡ ሊቅ ኢብን ኸልዱን ነው። በ1317 በዶንጎላ ኮረብታ ላይ የነበረው ባለ ሁለት ደርብ የነገሥታቱ አዳራሽ መስጊድ ሆነ፤ ይህም በእምነ በረድ ተጽፎ በግድግዳው ላይ ተተከለ። እስከ 1969 ድረስ ሲጸለይበት ኖረ፤ በዚያ ከተማ ካሉት ሕንጻዎች እስከ ዛሬ ደህና ሆኖ የቆመውም እርሱ ነው። እውነቱን ለመናገር፥ የጸለዩበት ሰዎች ባይጠብቁት ኖሮ እንደ ሌሎቹ ፈርሶ በአሸዋ በተቀበረ ነበር።

ነገሥታቱ ካለፉ በኋላም ቤተ ክርስቲያኒቱ ወዲያው አልሞተችም። በ1372 ፓትርያርኩ ገብርኤል አራተኛው ጢሞቴዎስ የሚባለውን የፋራስና የኢብሪም ኤጲስ ቆጶስ አድርጎ ሾመው። ጢሞቴዎስም የሹመቱን ደብዳቤ፥ አንዱን በቅብጥ አንዱንም በዐረብ ቋንቋ የተጻፈ፥ እያንዳንዱ አምስት ሜትር ያህል የሚረዝም ጥቅል ይዞ ወደ ኢብሪም አምባ ወጣ። በ1960ዎቹ መቃብሩ ሲከፈት ሁለቱም ጥቅሎች ከሥጋው ጋራ ተገኙ። ደብዳቤውን ለማን ሊያስረክበው ይችል ነበር? አንድ ጽሕፈት በ1484 ኢዮኤል የሚባል ክርስቲያን ንጉሥ እንደ ነበረ ያስረዳል፤ ከዚያ በኋላ ዝም ነው። በደቡብም ሶባ በ1500 ገደማ ጠፋች፤ በ1504 ፉንጆች ስናርን ቈረቈሩ።

ሁለተኛው ልመና የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የተቀመጠው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፥ በዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ሳለ ከኖባ አምስት ወይም ስድስት ሰዎች መጥተው ሲለምኑ እንዳየ ጽፏል። የለመኑትም ወርቅ ወይም ጦር አይደለም፤ የሚያስተምሩን ካህናትና መነኰሳት ይሰጡን ነበር ያሉት። አንድ የሶርያ ሰውም ለአልቫሬዝ እንዳወራው በአገራቸው 150 አብያተ ክርስቲያናት ቆመው ነበር፤ የጌታ ስቅለትና የእመቤታችን ሥዕል በግድግዳቸው ላይ አለ፥ ሕዝቡ ግን ክርስቲያንም እስላምም አይሁድም አይደለም፥ ክርስቲያን ለመሆን እየተመኘ ይኖራል። ንጉሡም አልሰጡም። እኔ ራሴ ጳጳስ የማገኘው ከእስክንድርያ ፓትርያርክ እየለመንሁ ነው፤ ሌላ የሚሰጠኝን እኔ እንዴት ለሌላ እሰጣለሁ ብለው መለሱ። ሰዎቹም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ይህን መልስ ብዙ ጊዜ መርምሬዋለሁ። በሥርዓት የተናገሩት ትክክል ነው፤ ሀገረ ስብከቱ የሌላ ነው፥ ያለ ፓትርያርኩ ፈቃድ መላክ መተላለፍ ይሆናል። ደግሞም አሥር ቄስ ቢልኩ አሥሩ ሲያረጁ የሚተካቸው የለም፤ ቄስ ቄስን አይሾምምና። ነገር ግን ያው አልቫሬዝ አቡነ ማርቆስ ባንድ ቀን ከ2000 በላይ ሰው ሲክን አይቻለሁ ይላል። እንግዲህ ካህን ጠፍቶ አልነበረም። የጊዮርጊስ ደብዳቤ ቢታወስ ኖሮ ቢያንስ ስለ ኖባ ወደ ፓትርያርኩ አንድ ደብዳቤ መጻፍ ይገባ ነበር፤ ውለታው የሚጠይቀው ከዚህ አይበልጥም ነበርና። ተጽፎ ከሆነ አልቫሬዝ አልነገረንም። ከጥቂት ዓመታት በኋላም፥ በ1529፥ የግራኝ ጦርነት በሽንብራ ኩሬ ድል አድርጎ እሳቱ ወደ እኛው ቤት ገባ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ጎረቤት የሚያስብ አልተገኘም። ዐፄ ልብነ ድንግልን ለመውቀስ ለሚቸኵል ሰው ግን ይህን አስታውሰዋለሁ፤ እኛም የራሳችንን ሰው ሊቀ ጳጳስ ያየነው በ1951 በአቡነ ባስልዮስ ነው፥ ፓትርያርክ የሆኑትም በ1959 ነው። በመካከል ጳጳስ ሞቶ እስከሚመጣ ድረስ ዲያቆን ሳይሾም የቀረበት ዘመን ስንት ነበር! የኖባ ሰዎች ያጡትን ነገር እኛም ብዙ ጊዜ ከጫፉ ደርሰን ተመልሰናል።

የፋራስን ቤተ ክርስቲያን አሸዋ ቀስ በቀስ ሞላት፤ ሥዕሎቹንም የሸፈነው አሸዋ ጠበቃቸው። በ1960 ግብፅ በአስዋን ታላቁን ግድብ ማሠራት ጀመረች፤ ውሃው ያን አገር ሁሉ እንደሚያሰጥመው ታወቀ። ስለዚህ ከብዙ አገር ሊቃውንት ተጠርተው መጡ፤ ለፋራስ የደረሱት ከፖላንድ የመጡት ካዚሚዬሽ ሚካዎቭስኪና ጓደኞቹ ናቸው። ከ1961 እስከ 1964 ቈፍረው ከ120 በላይ ሥዕሎችን አወጡ። ሥዕሉን በቀጭን ወረቀትና በቀለጠ ሰም ይሸፍኑታል፤ ሰሙ ሲረጋ ልስኑን ከግድግዳው በመጋዝ ይለዩታል። ሰም ወርቅን እንደሚሸፍን በቅኔ ቤት እንማራለን፤ በፋራስ ግን ነገሩ በእጅ የሚዳሰስ ሆነ። ከሥዕሎቹ ገሚሱ ወደ ዋርሶ ሄደ፤ ቅድስት ሐና፥ ጴጥሮስና ማርያኖስ ዛሬ በዚያ አሉ። ሠለስቱ ደቂቅና የልደቱ ሥዕል ለካርቱም ደረሱ፤ በ1971 በተከፈተውም ቤተ መዘክር ተቀመጡ። በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ቤተ መዘክሩ በውጊያው መካከል ወደቀ፤ ከዕቃው ብዙ እንደ ተዘረፈም ተሰማ። በዚያው ዓመት በዶንጎላ፥ ዳዊት በቅዱስ ሚካኤል ታቅፎ ለክርስቶስ ሲሰግድ የተሣለበት ክፍል መገኘቱ ተነገረ፤ ስለዚህ አሸዋው ያለውን ሁሉ ገና አልሰጠም።

ውሃው የሸፈነው ድንጋዩን ብቻ አይደለም። በሱዳን በኩል 50000 ያህል ኖባዎች ከዋዲ ሐልፋና ከመንደሮቻቸው ተነሥተው በ1964 ወደ ኻሽም ኤል ጊርባ ተወሰዱ፤ ይህም ስፍራ አትባራ በሚባለው ወንዝ ዳር ነው፥ ወንዙም የእኛን ተከዜ የሚቀበል ነው። እስላም ከሆኑ ብዙ መቶ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ቋንቋቸውን ግን አልተዉም። በቋንቋቸውም እሑድን «ኪራጌ» ይሉታል፤ ይህም ኪርያኬ ከሚለው የጽርዕ ቃል የመጣ ነው፥ ትርጓሜውም የጌታ ቀን ማለት ነው።